የማን ቤት አደርክ?

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል እስከ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳናን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መንገዱን ሲወርዱት እግር ራሱ ይወስዳል፤ ሽቅብ ሲመለሱ ግን፣ በተለይ የታክሲ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ሰው ሳይወድ በግዱ ያስባል። ይህችን ጽሑፍ ያሰብኳት ሽቅብ ስመለስ ነው። ለቱሪስት የሚሆን ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ መስኮት ውስጥ ከደንገል የተሠራች፣ ክንድ የማትሞላ ታንኳ አየሁ። አጠገቧ መስቀል አለ፤ ጀበና አለ፤ ከእንጨት የተጠረበ አንበሳ አለ። ታንኳዋ ውስጥ ግን ሰው የለም። ሠሪዋ ቀዛፊ አላበጀላትም። ቆሜ ሳያት ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁት አንድ የሚያሳፍር ነገር ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

ነገሩን ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ጥያቄዬን ላስቀምጥ፡- እንግዳ ላሳደረው ሰው ዕዳ አለበት ወይ? ካለበትስ በምን ይከፈላል? «ይኼ ደግሞ ምኑ ፍልስፍና ሆነ!» የሚል አይጠፋም። ይሁንና ሰው ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል፣ ስሙም፣ ትምህርቱም፣ ገንዘቡም ለጊዜው ከኋላው ይቀራሉ። ሰው ከሰው ምን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ከዚያች ሰዓት ይልቅ ተራቁቶ የሚታይበትን ጊዜ እኔ አላውቅም።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። ሦስት የውጭ አገር ሰዎች ከጥስ አባይ በታች ያለውን የአባይ ሸለቆ በካያክ ሊወርዱ መጡ። ካያክ ማለት አንድ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ የሚቀመጥባት፣ ጠባብና ረጅም፣ ከላይ የተከደነች ታንኳ ናት። ቀዛፊው በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ የሆነ መቅዘፊያ ይዞ ግራ ቀኝ እያለ ይቀዝፋል፤ ውሃው ቢገለብጠው እንኳ ከታንኳዋ ሳይወጣ ተንከባሎ ቀና ማለት ይችላል። ሁለቱ በካያክ ሲወርዱ ሦስተኛው ስንቅና ዕቃ የተጫነበትን በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ይነዳል። እኔም ከዕቃው ጋር ነኝ። የተቀጠርኩት በአስተርጓሚነት ሲሆን፣ የተመረጥኩትም እንግሊዝኛዬ ስላማረ ሳይሆን አጎቴ ሹፌራቸውን ስለሚያውቀው ነው።

በጥር አባይ ይጎድላል፤ ሲጎድል ግን ድንጋዩ ይወጣል። በአራተኛው ቀን የጎማው ጀልባ በስለታም ድንጋይ ተተረተረ። ጀልባውን አሸዋ ላይ ጎትተን፣ ዕቃችንን ተሸክመን ገደሉን ሽቅብ ወጣን። ሊመሽ ሲል ከጥቂት ጎጆዎች የማትበልጥ መንደር ደረስን። እኔ የአራዳ ልጅ፣ ከአያቴ ተረት በቀር ሰምቼው የማላውቀውን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርኩት። «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» አልኩ። አንዲት እናት ከበራቸው ብቅ ብለው አራታችንንም ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። ቀይ የራስ ቁር፣ ቢጫ የዋና ሰደርያ፣ እርጥብ ጫማ። ማን ናችሁ አላሉም። «ግቡ፤ ቤት የእግዜር ነው» አሉ።

ሦስት ሌሊት አደርን። የመጀመሪያውን ማታ እግራችንን አጠቡን። መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፈው እኛን አስተኙ፤ እሳቸውና ልጆቻቸው መሬት እንደተኙ ያወቅኩት ጠዋት ነው። የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን። ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ሰማሁ። አራት ሆድ በአንድ ጊዜ ሲጨመር ዱቄቱ አልበቃ ብሎ ኖሯል። እየፈጩ ነው። ሰማሁ፤ ገባኝም፤ ዘወር ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ እንዲህ ሆነ። ገበያው ከወንዙ ማዶ ነው። የሴትዮዋ ልጅ፣ ዕድሜው አሥራ አምስት ቢሆን ነው፣ የፍየል ስልቻ ነፍቶ አፉን አሰረና ደረቱ ሥር አድርጎ አባይን ተሻገረ። አዞ ያለበት ውሃ ነው። ከቀትር በኋላ ገለባ በተጎዘጎዘበት አገልግል ውስጥ እንቁላል ይዞ፣ አገልግሉን ራሱ ላይ አስሮ፣ በዚያው ስልቻ ተመለሰ። አንድም አልተሰበረም። ፈረንጆቹ ሽሮው እንዳልተስማማቸው እናቱ አይተው ነው የላኩት። ከካያከኞቹ አንዱ ልጁ ከውሃው ሲወጣ አይቶ ራሱን እየነቀነቀ «ይኼ ልጅ እብድ ነው» አለኝ። አልተረጎምኩትም። ካሜራ ነበራቸው፤ ድንጋያማውን ወራጅ ውሃ ከላይም ከታችም እያዞሩ ያነሡበት ነበር። ያን ቀን ግን ከቦርሳው አልወጣም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ስለ ጀግንነት ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ምክንያቱም ያ ጉዞ በኋላ ሲወራ የጀግንነት ወሬ ነው የሆነው፤ ያወራሁትም እኔ ነኝ።

አሪስቶትል ጀግንነትን በፈሪነትና በደፋርነት መካከል ያስቀምጠዋል። አደጋን መጋፈጥ ብቻውን ሰውን ጀግና አያሰኘውም፤ ለምን ብሎ ተጋፈጠው የሚለው ነው የሚመዘነው። ተገድዶ የሚጋፈጠውንም ሰው ከእውነተኛው ጀግና ጋር አያስተካክለውም። ይህን የአንደኛ ዓመት ትምህርት ይዤ ልጁን ብመዝነው መጀመሪያ የሚመጣልኝ መልስ ይህ ነበር፡- ልጁ የሚሻገረው ኑሮው ስላስገደደው ነው፤ ካያከኛው ግን መርጦ ገባ፤ ስለዚህ ምርጫ ያለው የካያከኛው ዘንድ ነው። መልሱ ያምራል። ችግሩ ግን ያ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቅዳሜ ያን ቤት ወደ ማዶ የሚያስኬደው አንዳች ችግር አልነበረም። ጨው አለ፤ በርበሬ አለ። የጎደለው የእንግዳ ምግብ ብቻ ነው። ታዲያ ልጁ አልተገደደም፤ መረጠ። ለምን ቢባል፣ ከሩቅ የመጣ ሰው በእናቱ ቤት ጦሙን እንዳያድር። የራስ ቁር የለውም፤ የዋና ሰደርያ የለውም፤ ገመድ የሚወረውርለት ጓደኛ ዳር ላይ አልቆመም። በአሪስቶትል ሚዛን ብንሄድ እንኳ ሚዛኑ ወደየት እንደሚያጋድል አንባቢ ይፍረድ።

በካያከኞቹ ላይ ግን ግፍ መናገር አልፈልግም። በእነሱም ታሪክ ውስጥ የሚከበር ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ማይክ ጆንስ የሚባል እንግሊዛዊ ከጓደኞቹ ጋር አባይን በካያክ ወረደ። የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው ያኔ የእኛ ዕድሜ ነው። በ1976 ከኤቨረስት ተራራ ሥር የሚነሣውን ዱድ ኮሲን ወረደ። በ1978 ፓኪስታን ውስጥ፣ ብራልዱ በሚባል ወንዝ ላይ፣ የሚሰጥም ጓደኛውን ለማዳን ሲል ራሱ ሰጠመ። ይህን ሰው ደፋር ብቻ ነበር ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄዬ ካያከኛ ጀግና ነው አይደለም የሚል አይደለም። ጥያቄዬ ታሪኩ ሲጻፍ ማን ከታሪኩ ውስጥ ይቀራል የሚል ነው።

የአባይን ጉዞዎች ታሪክ ያየ ሰው አንድ ቃል እየተመላለሰ ያገኛል፤ «የመጀመሪያው» የሚለውን። እ.ኤ.አ. በ1968፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ቡድን ወታደርና ሳይንቲስት ይዞ በክረምቱ ሙላት አባይን ወረደ፤ ከወታደሮቹ አንዱን ውሃ ወሰደው። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከግሼ ዓባይ ተነሥተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ፤ ጉዟቸውም በትልቅ ሸራ የሚታይ ፊልም ሆነ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ጄምስ ብሩስ አለ። ብሩስ በኅዳር 1770 ግሼ ደርሶ ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 አይቶት ነበር። ይህስ ይሁን። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ምንጩ ድረስ አብሮት ሄዷል፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ስለዚያ ቀን ሲጽፍ ግን ባሉጋኒን ከምንጩ ዳር አጠፋው።

የራሱን የጉዞ ጓደኛ ከምንጩ ዳር ያጠፋ ሰው፣ ያሳደረችውን የሰከላ ሴት እንዴት ሊያስታውስ ይችላል? ለመሆኑ ያን ምንጭ «ያገኘው» ማን ነው? በየማለዳው እንስራዋን አዝላ ወደ ውሃ የምትወርድ ሴት አግኝታው የለም ወይ? «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል የአገራችን ሰው። ተጓዡ ግን ማደሪያ ነበረው። በየመንደሩ ማደሪያ ባይኖረው ኖሮ መጽሐፉም ፊልሙም ባልኖረ። ማደሪያ የሰጡት ሰዎች ግን ከወንዙ፣ ከገደሉና ከጦጣው ጋር አንድ ላይ «መልክዓ ምድር» ሆነው ቀሩ።

ሁሉም ጉዞ እንዲህ ነው ብዬ ብደመድም ደግሞ እዋሻለሁ። ሰባራ ድልድይን የሚያውቁ የጎጃምና የጎንደር ልጆች በመካከላችን አሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ዳር ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ ገመድ ይዘው፣ በመካከሉ ሰው አንጠልጥለው እየሳቡ ያሻግሩ ነበር። ሀያኛው ክፍለ ዘመን ሲያልቅ ሸለቆውን ከወረዱ ተጓዦች መካከል የነበረች ፎቶግራፍ አንሺ ይህን አየች፤ አነሣችው። ሥዕሉ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው በ2001 መጽሔቱን ሲያገላብጥ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው አየ፤ በ2002 ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ድልድዩ ተጠገነ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ድልድዩን ያስጠገነው የወራጁ ውሃ ሥዕል አይደለም። ሰው ያለበት ሥዕል ነው። ካሜራው ከቦርሳው ወጥቶ ወደ ሰው በዞረ ጊዜ አንድ ነገር ተለወጠ።

ወደ ዕዳው ልመለስ። ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት እንግዳ የሆነ ሰው ሌላ ሰው አገር ሲደርስ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው ይላል። መብቱ ግን የመጎብኘት መብት ነው፤ ቤት ገብቶ የመስተናገድ መብት አይደለም። እንግዲህ በካንት ሕግ ያቺ እናት እኛን ማስገባት ግዴታቸው አልነበረም። ያደረጉት ከሕግ በላይ ነው። ማርሴል ሞስ ደግሞ በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ሥራው በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስጦታ ሦስት ግዴታ አለው ይላል፡- መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ያልተመለሰ ስጦታ ተቀባዩን ዝቅ አድርጎ ያስቀረዋል። የእኛም ሰው «ብድር በምድር» የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሞስን ብንሰማ እኔ እስከ ዛሬ ዝቅ ብዬ የቀረሁ ሰው ነኝ።

ነገር ግን በአማርኛ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ለተደረገልን ነገር «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ቃሉን እንፍታው። «ይስጥ» አይደለም የሚለው፤ «ይስጥልኝ» ነው። በእኔ ፈንታ ይስጥ፤ እኔ መክፈል ስለማልችል እሱ ይክፈልልኝ ማለት ነው። በዚህች በ«ልኝ» ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ትልቅ ትሕትና ነው፤ ያደረግህልኝ ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ኑዛዜ። ሁለተኛው ግን ማምለጫ ነው፤ ሒሳቡን ወደ ሰማይ አስተላልፎ እጅን አራግፎ መሄድ። ቃሉ አንድ ነው፤ የተናገረው ሰው በኋላ ምን እንዳደረገ ካልታየ በቀር የትኛው እንደሆነ አይለይም። እኔ ያን ቃል ስናገር የትኛው እንደነበረ አሁን እነግራችኋለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጀልባው ተለጥፎ ልንሄድ ስንነሣ የቡድኑ መሪ ሁለት ባለ 200 እና ስድስት ባለ 100 ብር ቆጥሮ በእጄ አስያዘኝ። አንድ ሺህ ብር። «ለሴትዮዋ ስጥልን» አለኝና ወደ ወንዙ ወረደ። እኔም ሰጠኋቸው። አዩት፤ እጃቸውንም አልዘረጉም። «ልጄ፣ ቤቴን ሆቴል አደረግኸው እንዴ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ እንደ መሳቅ ብለው ነው ያሉት። እኔም «እንግዲያው እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኩ። «አሜን። በሰላም ግቡ» አሉ። ብሩን ኪሴ ከተትኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ መሪው በእጁ ምልክት «ሰጠሃት?» አለኝ። ውሃው ይጮሃል። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ያን ዕለት ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ። ሰጪው ሰጥቷል፤ ተቀባይዋ አልቀበልም ብለዋል፤ ብሩ የማንም አይደለም። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት አይጠፋም። አሁን ሳየው ግን ከሁለቱም ነው የሰረቅኩት። ከፈረንጁ የሰረቅኩት ብሩን አይደለም፤ ማወቅ የሚገባውን ነገር ነው፡- በአንድ ድሃ ቤት ገንዘቡ እንዳልሠራ። ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት «እብድ ነው» ያለውን ልጅ በሌላ ዓይን ባየው። አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ተቀጥሬ፣ በጉዞው ሁሉ ከተነገሩት ቃላት ትልቁን ሳልተረጉም ቀረሁ። ከእናትየው የሰረቅኩት ደግሞ የእምቢታቸውን ክብር ነው።

የቀረውን ለመናገር የበለጠ ይከብደኛል። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን፣ ከዚያው ብር የተረፈችኝን ይዤ፣ ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንዱ ሦስት ጓደኞቼን ማኪያቶ ጋበዝኩ። ወሬውን አሞቅኩት። ወራጁ ውሃ በወሬዬ ላይ አንድ ሜትር ጨመረ፤ አዞውም ቀረበ። የጀልባውን ርዝመት፣ የካያኩን ክብደት፣ የራስ ቁሩን ቀለም ሳይቀር ተናገርኩ። ሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ሦስተኛው የጎጃም ልጅ ነው፤ አገሩ እዚያው አባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«የማን ቤት አደርክ?»

«አንዲት እናት ቤት» አልኩ።

«ስማቸው ማነው?»

ዝም አልኩ። ሦስት ሌሊት «እማማ» እያልኩ በልቻለሁ። የልጁንም ስም አላውቅም፤ «አንተ ልጅ» ነበር የምለው። ጓደኛዬ ሊያሳፍረኝ ብሎ አልጠየቀም። በእነሱ አገር የጉዞ ወሬ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ማን ቤት አደርክ፣ ማን አበላህ፣ እነማን ደህና ናቸው። ስሙ ከተነገረ ምናልባት ዘመድ ይሆናል፤ ምናልባት ክርስትና የተነሣሳ ይሆናል፤ ባይሆንም እንኳ ያደረጉት መልካም ነገር በስማቸው ይነገርላቸዋል። እኔ ያንን ቆርጬ ነው ያስቀረሁት። ማኪያቶው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

አንድ ጊዜ ያ ልጅ ለፋሲካ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። እናቴ እጁን አስታጥባው ገና ዳቦው ሳይቆረስ «እናትህ ማን ይባላሉ?» ብላ ጠየቀችው። ነገራት። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ «እንዴት ናቸው እትዬ እከሊት?» ትለዋለች፤ አይታቸው አታውቅም። ቤታችን ያኔ አራዳ ነበር፤ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ሲፈርስ ማን ከማን ቤት አጠገብ ይኖር እንደነበር የሚነግረን ግድግዳ አይደለም የቀረው፤ የሰው ስም ነው። እናቴ ያን ሁሉ ስም ይዛለች። ስለ አሪስቶትል አልሰማችም፤ ከእኔ ግን የተሻለ እንግዳም አስተናጋጅም ናት።

አሁን አንድ ተቃውሞ ልስማ። ይህን ጽሑፍ ያነበብኩለት ሌላ ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፡- «አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ሴትዮ ያሳደሩህ ለስምህ ወይም ለስማቸው ብለው አይደለም። ለእግዜር ብለው ነው። ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሏል። ስማቸውን ብትጽፈው፣ ዋጋ ብትከፍላቸው፣ ጽድቃቸውን ታበላሽባቸዋለህ።» ጠንካራ ነገር ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ዋጋ መክፈል እንደማይገባ እናትየው ራሳቸው አስተምረውኛል። ግን አንድ ነገር ማደባለቅ የለብንም። አለመመስገን የሰጪው መብት ነው። መርሳት ግን የተቀባዩ መብት አይደለም። እሳቸው «አትናገርልኝ» ሊሉ ይችላሉ፤ እኔ «እሳቸው መነገር አይፈልጉም» ብዬ ሳልጠይቅ የመርሳት ፈቃድ ለራሴ መስጠት አልችልም። ስማቸውን አውቄ ዝም ብል ዝምታዬ አክብሮት ይሆን ነበር። ሳላውቅ ዝም ስል ግን ዝምታዬ ሌላ ምንም ሳይሆን ባዶነት ነው።

እንግዲህ የደረስኩበት ይህ ነው። የእንግዳ ዕዳ በገንዘብ አይከፈልም፤ በገንዘብ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ዕዳ ሳይሆን ሒሳብ በሆነ ነበር። የመጀመሪያው ክፍያ ማወቅ ነው። ያበላህን ሰው ስም፣ የልጁን ስም፣ ሌሊት ማን እንደፈጨልህ። ሁለተኛው ክፍያ ወሬህን በትክክል ማውራት ነው። በወሬህ ውስጥ አንተ የተሸከምከውን ብቻ ሳይሆን የተሸከሙህንም ማስገባት ነው። ሦስተኛው፣ በተራህ በር መክፈት ነው፤ «ብድር በምድር» የሚለው ሁልጊዜ ለዚያው ሰው መመለስ ማለት አይመስለኝም፤ ከእኔ ደጅ ለሚቆመውም ጭምር ነው።

ይህ ነገር የካያከኛ ብቻ ነው የሚል ካለ የራሳችንን ቤት እንይ። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ገጠር እንወርዳለን። ተረት እንሰበስባለን፤ የለቅሶ ግጥም እንቀዳለን። ያስተማረን ሽማግሌ ቡና አፍልቶ፣ ሥራ ፈትቶ፣ ሁለት ቀን ሲያወራን ይውላል። በጽሑፋችን መጨረሻ ግን ምን እንላለን? «አንድ አዛውንት እንደነገሩኝ»። ገጹን የተየበልንን ልጅ ስም በምስጋናው ውስጥ አንረሳም፤ አማካሪያችንንም ከነማዕረጋቸው እንጽፋለን። ሽማግሌው ግን «አንድ» ናቸው። ሰውየው ስሜን አትጥቀሱ ብለው ከሆነ ጥሩ፤ ቃላቸው ይከበር። ብዙ ጊዜ ግን ያልተጻፈው ስላልጠየቅን ነው። ብሩስ በባሉጋኒ ላይ ያደረገውን እኛ ስለ እሱ እያነበብን እናደርገዋለን።

በበኩሌ ወደዚያች መንደር ተመልሼ ሄጄ «እማማ፣ ስምዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ልል አስቤ ነበር። በዚያው በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣና ዕቅዴ ቀረ። መንደሯን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያልጠቀስኩት ሳላስፈቅዳቸው ሰው ደጃቸው እንዳይመጣባቸው ብዬ ነው። እሳቸውን ያልጠቀስኩት ግን፣ እንደነገርኳችሁ፣ ስላላወቅኩ ነው። ሁለቱ አንድ እንዳይመስላችሁ። ለፈረንጁ ግን ጽፌለታለሁ። ሴትዮዋ ብሩን እንዳልተቀበሉ፣ እኔ እንደበላሁት፣ «ቤቴን ሆቴል አደረግኸው እንዴ» ያሉትንም ቃል በቃል ተርጉሜ ላክሁለት። ሦስት ዓመት የዘገየ ትርጉም ነው። መልስ አልመጣም፤ መልስ ለማግኘትም ብዬ አልጻፍኩትም።

ከሱቁ መስኮት ተነሥቼ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ የመንገዱ ስም ከነከነኝ። ጎዳናው የተጠራው በአንድ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም ነው። ድንጋዩን የፈለጡት፣ አፈሩን የተሸከሙት ሰዎች ስም የትም የለም። እኛም ቀኑን ሙሉ በላዩ ስንመላለስ ማን ሠራው ብለን አንጠይቅም። የሩቁን ሰው ስም በቃላችን ይዘን ከእግራችን በታች ያለውን አናውቅም። ይህን ልማድ አባይ በረሃ ወርጄ አላመጣሁትም፤ ከዚሁ ይዤ ነው የወረድኩት።

በመጪው ክረምት ወደየአገሩ የምትበተኑ፣ ለጥናትም ለሽርሽርም የምትሄዱ ጓደኞቼ፣ ስትመለሱ ፒያሳ ማኪያቶ እጋብዛችኋለሁ። በዚህ ጊዜ በራሴ ገንዘብ ነው። ስለ ገደሉም፣ ስለ ውሃውም፣ ስለ አዞውም እሰማለሁ። አስቀድሜ ግን አንዲት ነገር እጠይቃችኋለሁ፤ ከወዲሁ ተዘጋጁ።

የማን ቤት አደራችሁ?